ከቆራጮቹ ወደ አዛዦቹ፦ በአፍ ላይከን ፕላነስ ውስጥ የብግነት ኢንዛይሞች ሥራ

የአፍ ላይከን ፕላነስ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን የአፍ ውስጠኛ ሽፋን የሚያጠቃበት፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ፣ ሥር የሰደደ የብግነት ሕመም ነው። ከመቶ ጎልማሶች አንዱን ያህል እንደሚይዝ ይገመታል። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ፣ በዕድሜም ከ30 እስከ 60 ዓመት ባሉት ላይ ይበዛል። ቆዳ ላይ የሚወጣው ላይከን ፕላነስ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ይጠፋል፤ አፍ ውስጥ የሚወጣው ግን እየበረደና እየተነሣ ለብዙ ዓመታት፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ ይዘልቃል።

ይህ አልበርድ ባይነቱ የምርምሩን አቅጣጫ ወስኖታል። መጀመሪያ የተጠየቀው ሽፋኑን የሚያጠቃው የትኛው ሕዋስ ነው የሚለው ነበር፤ መልሱም ቲ ሊምፎሳይት የተባለው የነጭ ደም ሕዋስ ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ሕዋሱ ጉዳቱን በምን መሣሪያ ያደርሳል የሚል ሲሆን፣ ይህም ወደ ኢንዛይሞች፣ ማለትም በሰውነት ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጥን ወደሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች መራ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ጥያቄው አንድ እርከን ወደ ላይ ወጥቷል፦ መሣሪያው እንዲመዘዝ የሚያዘው ማን ነው? አዛዡም ራሱ ኢንዛይም ሆኖ መገኘቱ የሕክምናውን መንገድ እየለወጠው ነው።

ነጩ መረብና ቀዩ ቁስል

ሕመሙን በ1869 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለይቶ የገለጸው እንግሊዛዊው የቆዳ ሐኪም ኢራስመስ ዊልሰን ነው። “ላይከን” በድንጋይና በዛፍ ግንድ ላይ ተለጥፎ የሚበቅል ፍጥረት ስም ነው፤ “ፕላነስ” በላቲን ጠፍጣፋ ማለት ነው። በ1895 ፈረንሳዊው ሐኪም ሉዊ ፍሬደሪክ ዊካም በሽፍታው ገጽ ላይ የሚታዩትን ቀጫጭን ነጫጭ መስመሮች ገለጸ፤ መስመሮቹም እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራሉ።

በአፍ ውስጥ ሕመሙ ከአንድ በላይ መልክ አለው። በብዛት የሚታየው መረብ መሰሉ ዓይነት ነው፤ በሁለቱም ጉንጮች ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ ዳንቴል የተጠለፈ ነጭ መስመር ይታያል። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ምልክቱን የሚያየው ለሌላ ጉዳይ አፉን የከፈተለት የጥርስ ሐኪም ነው። ሽፋኑ ሳስቶ የሚቀላበት ዓይነትና ተልጦ የሚቆስልበት ዓይነት ግን ያቃጥላሉ። ድድ ላይ ሲወጣ ድዱ ይቀላል፣ ይላጣል፣ ጥርስ ሲቦረሽም ይደማል። ቁስሉ ያለበትን ሰው ሎሚና ትኩስ ሻይ ይለበልቡታል፤ በርበሬና ሚጥማጣ ደግሞ ጭራሽ አይቀመሱለትም።

በጥቁር ሕዝቦች ላይ መልኩ ከመማሪያ መጻሕፍት ሥዕል ጥቂት ይለያል። ብግነቱ ሲበርድ በጉንጩ ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር ጥላ ትቶ ማለፉ የተለመደ ነው። ቆዳ ላይ የሚወጣውም በነጭ ቆዳ ላይ ሐምራዊ ሲመስል፣ በጥቁር ቆዳ ላይ ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ይታያል።

ነጩ መረብና ቀዩ ቁስል የአንድ ሕመም ሁለት ገጾች ናቸው። በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ጎን ለጎን ሊገኙ፣ አንዱም ወደ ሌላው ሊለወጥ ይችላል። የኢንዛይሞቹን ሥራ መከታተል የሚጠቅመውም ከሁሉ በላይ ይህን ለውጥ ለመረዳት ነው።

ጥቃቱ የሚያርፍበት ቦታ

የአፍ ውስጠኛ ሽፋን ኬራቲኖሳይት በሚባሉ ሕዋሳት የተደራረበ ነው። ሕዋሳቱ የሚወለዱት ከታችኛው መደዳ ነው፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየተገፉ በመጨረሻ ከገጹ ላይ ይራገፋሉ። ይህ የታችኛው መደዳ የቆመው ከአራተኛው ዓይነት ኮላጅን፣ ከላሚኒንና ከሌሎች ፕሮቲኖች በተሠራ እጅግ ስስ ንጣፍ ላይ ነው። የመሠረት ንጣፍ ሊባል የሚችለው ይህ ክፍል ሁለት ተግባር አለው። ሽፋኑን ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር ያያይዛል፤ በላዩ ላይ ለቆሙት ሕዋሳት ደግሞ የመኖር ምልክት ይሰጣቸዋል። ከንጣፉ የተለየ ኬራቲኖሳይት ይህ ምልክት ስለሚቋረጥበት ራሱን ወደ ማጥፋት ያመራል።

ከሕመምተኛ ጉንጭ የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጥቃቱ በትክክል በዚህ ድንበር ላይ ማረፉ ይለያል። ከሽፋኑ ሥር ሊምፎሳይቶች እንደ መቀነት ተጠጋግተው ተሰልፈዋል። የታችኛው መደዳ ሕዋሳት አብጠውና ሟሙተው ይታያሉ። በመካከላቸውም የሞቱ ሕዋሳት ቅሪት የሆኑ፣ ሲቫት በተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ስም የሚጠሩ ክብ አካላት ተበትነዋል። የመሠረት ንጣፉም በየቦታው ተበጥሷል ወይም ተደርቧል።

አንድ በአንድ መግደል

ከሽፋኑ ሥር ከተሰለፉት መካከል ወደ ኬራቲኖሳይቱ የሚጠጉት ሲዲ8 የሚል መለያ ያላቸው ቲ ሕዋሳት ናቸው። በመደበኛ ሥራቸው በቫይረስ የተያዘን ሕዋስ አጣርተው ይገድላሉ፤ በዚህ ሕመም ግን የገዛ ሰውነታቸውን ሕዋስ እንደ ባዕድ ይቆጥሩታል። የሚከተሉት ዘዴ ያው ነው። ፐርፎሪን የተባለ ፕሮቲን የሕዋሱን ግድግዳ ይበሳል፤ በቀዳዳው በኩል ግራንዛይም ቢ የተባለ ኢንዛይም ይገባል። ግራንዛይም ቢ የተመረጡ ፕሮቲኖችን የተወሰነ ቦታ ላይ የሚቆርጥ ሲሆን፣ ከሚቆርጣቸው መካከል ካስፔዝ-3 የተባለው፣ ሕዋሱ ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቅ ሌላ ኢንዛይም ይገኛል። ካስፔዝ-3 ሲነቃ የሕዋሱን ውስጣዊ መዋቅር መበታተን ይጀምራል።

ቲ ሕዋሱ ሁለት ሌሎች መንገዶችም አሉት። አንደኛው ፋስ የተባለውን የሕዋስ ገጽ መቀበያ መንካት፣ ሌላው ቲኤንኤፍ-አልፋ የተባለውን የብግነት መልእክተኛ መልቀቅ ነው። ሦስቱም መንገዶች ተለያይተው ተነሥተው ካስፔዞች ላይ ይገናኛሉ። ኬራቲኖሳይቱ የሚሞተው ከውጭ በደረሰበት ድብደባ ብቻ አይደለም፤ የሚያፈርሱት በውስጡ የነበሩ የራሱ ኢንዛይሞች ናቸው።

ይሁን እንጂ ይህ አገዳደል አንድ በአንድ የሚካሄድ ነው። የሲቫት አካላትን መብዛት ያስረዳል እንጂ፣ ሽፋኑ እንደ ልጣጭ ተነሥቶ ሰፊ ቁስል እንዴት እንደሚከፈት ብቻውን አያስረዳም። ለዚያ ሕዋሱን ሳይሆን ሕዋሱ የቆመበትን ወለል የሚቆርጡ ሌሎች ኢንዛይሞች ያስፈልጋሉ።

ወለሉን የሚቆርጡት

በ1962 ጄሮም ግሮስና ሻርል ላፒየር የተባሉ ተመራማሪዎች የእንቁራሪት ግልገል ስታድግ ጭራዋ የት ይገባል የሚለውን ጥያቄ ያዙ። የጭራውን ቁራጭ በኮላጅን ገበታ ላይ ሲያስቀምጡት ከሥሩ ያለው ኮላጅን ሟሟ። በዚህ መንገድ የተገኘው ኢንዛይም ኤምኤምፒ ተብሎ የሚጠራ ሰፊ ቤተሰብ የመጀመሪያው አባል ነው። በሰው ውስጥ 23 አባላት ያሉት ይህ ቤተሰብ ለመሥራት ዚንክ ያስፈልገዋል፤ በሕዋሳት መካከል ያለውን ማያያዣም እየቆረጠ ያድሳል። ያለ እርሱ ቁስል አይድንም፣ አጥንት አይጠገንም፣ ፅንስም ቅርጽ አይይዝም።

የአፍ ላይከን ፕላነስን በቀጥታ የሚመለከቱት ጥቂቶቹ ናቸው። ኤምኤምፒ-2 እና ኤምኤምፒ-9 የመሠረት ንጣፉን ዋና ክር፣ አራተኛውን ዓይነት ኮላጅን ይቆርጣሉ። ኤምኤምፒ-1 ከንጣፉ ሥር ያለውን ጠንካራ ኮላጅን ይቆርጣል። ኤምኤምፒ-3 ራሱ ከመቁረጡም ባሻገር ሌሎቹን የሚቀሰቅስ ነው።

ሰውነት እነዚህን መቀሶች በዋዛ አይለቅም። ኤምኤምፒ ሲፈጠር እንደ ሰገባ በሚከልለው ተጨማሪ ቁራጭ ተዘግቶ ነው፤ በሰገባው ላይ ያለ ሲስቲን የተባለ አንድ የፕሮቲን አካል ዚንኩን ጨብጦ ይይዘዋል። ሌላ ኢንዛይም መጥቶ ሰገባውን ካልቆረጠለት በቀር አይሠራም። ከተከፈተ በኋላም ቲምፕ የተባሉ አራት ተፈጥሯዊ ማገጃዎች ተለጥፈውበት ሊያስቆሙት ይችላሉ። ስለዚህ ጉዳት የሚደርሰው መቀሱ ስለ በዛ ብቻ አይደለም፤ መቀሱ በዝቶ፣ ከሰገባው ወጥቶ፣ ማገጃውም አንሶ ሲገኝ ነው።

በ2001 በአውስትራሊያ ብሪዝቤን የወጣ ጥናት ይህ ሚዛን በሕመሙ ውስጥ እንዴት እንደሚዛባ አሳይቷል። ኤምኤምፒ-2 እና ኤምኤምፒ-3 በዋናነት በሽፋኑ ሕዋሳት ውስጥ ሲታዩ፣ ኤምኤምፒ-9 ግን ከሥር በተሰለፉት የብግነት ሕዋሳት ውስጥ ተገኘ። ከቁስሉ የተወሰዱት ቲ ሕዋሳት ከዚያው ሰው ደም ከተወሰዱት ይበልጥ ኤምኤምፒ-9 ያመነጩ ነበር። ቲኤንኤፍ-አልፋ ሲጨመርባቸው ኤምኤምፒ-9 ከፍ አለ፤ ማገጃው ቲምፕ-1 ግን አብሮ አልጨመረም። አንዱና ያው መልእክት መቀሱን አብዝቶ ማገጃውን ባለበት ትቶታል።

የማስት ሕዋስ ከረጢት

ሰገባውን ማን ይቆርጣል ለሚለው አንዱ መልስ ማስት ሕዋስ ነው። ይህ ሕዋስ በሽፋኑ ሥር በደም ሥሮችና በነርቮች አካባቢ የሚቀመጥ ሲሆን፣ ሆዱ በጥቃቅን ከረጢቶች የተሞላ ነው። ከረጢቶቹ ውስጥ ሂስታሚንና ቲኤንኤፍ-አልፋ፣ እንዲሁም ካይሜዝና ትሪፕቴዝ የተባሉ ሁለት ቆራጭ ኢንዛይሞች ይገኛሉ። በጤናማ ጉንጭ ውስጥ ከረጢቱን አፍስሶ የሚገኘው ማስት ሕዋስ ከመቶ 20 ያህል ሲሆን፣ በአፍ ላይከን ፕላነስ ውስጥ ከመቶ 60 ያህል ይደርሳል።

የፈሰሰው ይዘት በሦስት በኩል ይሠራል። ካይሜዝ የመሠረት ንጣፉን በቀጥታ ይጎዳል፤ የኤምኤምፒ-9ን ሰገባም ይቆርጣል። ትሪፕቴዝ ኤምኤምፒ-3ን በመቀስቀስ በኩል ያግዛል። ቲኤንኤፍ-አልፋ የደም ሥሮችን ግድግዳ ተጣባቂ በማድረግ ተጨማሪ ቲ ሕዋሳት ከደም ወጥተው ወደ ሥጋው እንዲገቡ ይጋብዛል። የመጡት ቲ ሕዋሳት በበኩላቸው ራንቴስ የተባለ መልእክት ይለቅቃሉ፤ ራንቴስ ደግሞ ሌሎች ማስት ሕዋሳትን ስቦ ከረጢታቸውን ያስፈስሳቸዋል። የፈሰሰው እንደገና ቲ ሕዋስ ይጠራል።

በዚህ ክብ ውስጥ ሕመሙ ለምን እንደማይበርድ የሚያስረዳ ነገር አለ። መነሻው መድኃኒት፣ የጥርስ መሙያ ብረት ወይም የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ቢሆን፣ ወይም ጨርሶ ባይታወቅ፣ ክቡ አንዴ መሽከርከር ከጀመረ መነሻውን አይጠብቅም። የተቆረጠው ንጣፍ ሁለት በር ይከፍታል፦ ቲ ሕዋሳት እንደ ልብ ወደ ሽፋኑ ይገባሉ፤ ከንጣፉ የተለዩት ኬራቲኖሳይቶችም የመኖር ምልክታቸውን አጥተው ይሞታሉ። አንድ በአንድ መግደልና ወለሉን መቁረጥ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ሕመሙን የሚያከርሩት

ሦስተኛው የኢንዛይሞች ክፍል አይቆርጥም፤ ትናንሽ ኬሚካሎችን ያመርታል። ከእነዚህ ዋናው ፕሮስታግላንዲን የተባሉትን የብግነት ኬሚካሎች የሚያመርተው ኮክስ-2 ነው። ተመራማሪው ጆን ቬን በ1971 አስፕሪን የፕሮስታግላንዲንን ምርት እንደሚያግድ አሳይቶ በ1982 ከተመራማሪዎቹ ከቤርግስትሮምና ከሳሙኤልሰን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። በ1991 ደግሞ ኢንዛይሙ ሁለት ዓይነት መሆኑ ታወቀ፦ ዘወትር ሥራ ላይ ያለው ኮክስ-1 እና በብግነት ጊዜ የሚቀሰቀሰው ኮክስ-2። ኮክስ-2 በአፍ ላይከን ፕላነስ ሽፋንና በሥሩ ባሉት ሕዋሳት ውስጥ ከጤናማው ጉንጭ በላይ ይገኛል። ውጤቱ የሆነው ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ የሕመም ነርቮችንም በቀላሉ የሚነኩ ያደርጋቸዋል።

ሌላው አይኖስ በሚል አጠራር የሚታወቀው ኢንዛይም ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ በብዛት ያመርታል፤ ጋዙ ከሌሎች የኦክስጅን ውጤቶች ጋር ሲገናኝ ዲኤንኤን የሚያቆስል ኃይለኛ ውሁድ ይፈጥራል። በ2005 የታይላንድና የጃፓን ተመራማሪዎች በአፍ ላይከን ፕላነስ ናሙናዎች ውስጥ የዚህን ጉዳት አሻራ፣ ማለትም 8-ናይትሮጉዋኒን የተባለውን የተበላሸ የዲኤንኤ አካል አገኙ። በአፍ ካንሰር ናሙናዎችም ተገኘ፤ በጤናማ ሽፋን ግን አልታየም። ኢንዛይሙን ከብግነት ባሻገር ከካንሰር ጥያቄ ጋር ያገናኘው ይህ ግኝት ነው።

መኖር ሌላ፣ መሥራት ሌላ

በዚህ መስክ የሚወጡ ጥናቶች ሲነበቡ በመጀመሪያ ሊለይ የሚገባው የተለካው ምንድን ነው የሚለው ነው። ብዙዎቹ የሚለኩት የኢንዛይሙን መኖር ነው። በቀለም የተለጠፈ ፀረ አካል ኤምኤምፒ-9 ያለበትን ቦታ ያደምቃል፤ ግን በሰገባ ያለውንም የተመዘዘውንም፣ በቲምፕ የታሰረውንም ያልታሰረውንም ሊያደምቅ ይችላል። የጂን መልእክትን መለካት ደግሞ የሚናገረው ትእዛዙ መጻፉን ነው፤ ኢንዛይሙ መሠራቱንም ሆነ መክፈቻ ማግኘቱን አያረጋግጥም።

ወደ ሥራው የሚቀርበው ዛይሞግራፊ የተባለው ዘዴ ነው። ናሙናው ጄላቲን በተቀላቀለበት ገበታ ላይ በኤሌክትሪክ ይለያል፤ ከዚያ ገበታው በሰማያዊ ቀለም ይነከራል። ኢንዛይሙ ጄላቲኑን የበላበት ቦታ ቀለም ስለማይዝ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የኤምኤምፒ-9 ዝግ ቅርጽ በ92፣ የኤምኤምፒ-2 በ72 ኪሎዳልተን ክብደት ላይ ይታያል፤ የተከፈቱት ሰገባቸውን ስለጣሉ ከዚያ ዝቅ ብለው ይታያሉ። ይህም ዘዴ ወጥመድ አለው። የሚጠቀምበት ኬሚካል ኢንዛይሙን ከቲምፕ ስለሚያላቅቀው፣ በሥጋው ውስጥ ታስሮ የነበረው በገበታው ላይ ነጻ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ይህን ለማለፍ ስስ የሥጋ ቁራጭ በቀጥታ ብርሃን በሚሰጥ ጄላቲን ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ሥራው ከነቦታው ይታያል።

ምራቅ ላይ የሚደረገው ምርመራም የራሱ ችግር አለው። ምራቅ ያለ መርፌ ያለ ምላጭ ይገኛል፤ ስለዚህ የሕመሙን ደረጃ በምራቅ ኢንዛይም መለካት ማራኪ ሐሳብ ነው። ነገር ግን በምራቅ ውስጥ ካለው ኤምኤምፒ ብዙው የሚመጣው ከድድ ጠርዝ ከሚወጡ ኒውትሮፊል ሕዋሳት ነው። ላይከን ፕላነስ የሌለበት፣ ድዱ የታመመ ሰውም ከፍ ያለ ልክ ያሳያል። የድዱን ሁኔታ ሳይቆጣጠር የተሠራ የምራቅ ጥናት ስለ ጉንጩ እየተናገረ መሆኑን ማረጋገጥ ያዳግታል።

ቆራጩን ብቻ ማገድ

ኢንዛይም ጉዳት አድራሽ ከሆነ ኢንዛይሙን ማገድ ፈውስ ይሆናል የሚለው ሐሳብ ቀጥተኛ ነው። ሙከራው ግን ያን ያህል አልቀናም። በ1983 ተመራማሪው ሎርን ጎለብና ባልደረቦቹ ቴትራሳይክሊን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ባክቴሪያ ከመግደሉ በተለየ መንገድ ኮላጅን ቆራጭ ኢንዛይምን እንደሚያግድ አሳዩ። ከዚህ በመነሣት ባክቴሪያ የማይገድል 20 ሚሊግራም ዶክሲሳይክሊን የተባለ የቴትራሳይክሊን ዓይነት በቀን ሁለት ጊዜ ለድድ በሽታ እንዲሰጥ በ1998 በአሜሪካ ተፈቀደ። ዶክሲሳይክሊን በድድ ላይ ለወጣ ላይከን ፕላነስም ተሞክሯል፤ የጥርስ ድጋፍን ለማዳን እንደሚሰጠው ያለ የጸና ቦታ ግን አላገኘም። ለካንሰር የተሠሩት እንደ ማሪማስታት ያሉ ጠንካራ የኤምኤምፒ ማገጃዎች ደግሞ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም አስከትለው፣ የተጠበቀውን ውጤትም ሳያመጡ ቀርተዋል። ምክንያቱ ከላይ የተጠቀሰው ነው፦ መቀሶቹ ለጥገናም ያስፈልጋሉ።

የኮክስ-2 ነገርም ተመሳሳይ ነው። ሮፌኮክሲብ የተባለው ማገጃ ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን በመጨመሩ በ2004 ከገበያ ወጥቷል። በዚህ ሕመም ላይ ደግሞ ተጨማሪ ምጸት አለ፤ ኮክስን የሚያግዱ የሕመም ማስታገሻዎች ራሳቸው ላይከን መሰል የአፍ ቁስል ከሚያመጡ መድኃኒቶች መካከል ይቆጠራሉ።

ከወጥ ቤት የወጣው ሙከራ ትምህርት ሰጪ ነው። አልጫን ቢጫ የሚያደርገው እርድ ኩርኩሚን የተባለ ንጥረ ነገር ይዟል፤ ኩርኩሚን በቤተ ሙከራ ኮክስ-2ን ይቀንሳል። በሳን ፍራንሲስኮ የተካሄደና በ2007 የታተመ ጥናት በቀን 2,000 ሚሊግራም የኩርኩሚን ውሁድ ሲሰጥ ከባዶ እንክብል የተለየ ውጤት አላገኘም። በ2012 የታተመው ተከታይ አነስተኛ ጥናት መጠኑን በቀን ወደ 6,000 ሚሊግራም ሲያሳድገው በአጭር ጊዜ ውስጥ መሻሻል ታይቷል። ይህን ያህል መጠን በምግብ አይገኝም፤ በአልጫ ውስጥ ያለው እርድ መድኃኒት ነው ለማለትም አያበቃም።

እስከ ዛሬ የሕክምናው ምሰሶ ሆኖ የቆየው በቁስሉ ላይ የሚቀባ ስቴሮይድ ነው፤ ለምሳሌ 0.05 በመቶ ክሎቤታሶል። ስቴሮይድ አንድን ኢንዛይም መርጦ አያግድም። ወደ ሕዋሱ እምብርት ገብቶ የኮክስ-2ን፣ የአይኖስን፣ የበርካታ ኤምኤምፒዎችንና የብግነት መልእክተኞችን ጂኖች በአንድነት ያዘገያል። ብርታቱም ጉድለቱም ከዚህ ይመነጫል፤ መከላከያው ሲዳከም በአፍ ውስጥ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ይነሣል። በ2020 የወጣው፣ የሕክምና ማስረጃ ገምጋሚው የኮክሬን ድርጅት ግምገማም የሚቀባ ስቴሮይድ ከባዶ ቅባት ይልቅ ሕመምን ሊቀንስ እንደሚችል ጠቅሶ፣ የማስረጃው አስተማማኝነት ዝቅተኛ መሆኑን አስፍሯል።

ወደ አዛዦቹ

አቅጣጫው የተለወጠው ትኩረቱ ትእዛዝ ወደሚያስተላልፉ ኢንዛይሞች ሲዞር ነው። ከእነዚህ ቀድሞ የተነካው ካልሲኒዩሪን ነው። ይህ ኢንዛይም ከአንድ የመልእክት ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ያነሣል፤ ፕሮቲኑም ወደ ቲ ሕዋሱ እምብርት ገብቶ ሕዋሱ እንዲባዛ ያዛል። በ1984 ከጃፓን ቱኩባ አካባቢ አፈር የተገኘው ታክሮሊመስ የሚያግደው ካልሲኒዩሪንን መሆኑ በ1991 ታወቀ። ዛሬ የታክሮሊመስ ቅባት ለስቴሮይድ ላልተበገረ ቁስል ከሚታዘዙት አንዱ ነው።

ሁለተኛው ፎስፎዳይስተሬዝ-4 ነው። ብግነትን የሚያበርድ ውስጣዊ መልእክተኛን የሚያፈርስ በመሆኑ፣ ሲታገድ መልእክተኛው ይጠራቀማል፣ ቲኤንኤፍ-አልፋም ይቀንሳል። ይህን የሚያግደው አፕሬሚላስት በ2019 ለቤሼት በሽታ የአፍ ቁስል በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ በላይከን ፕላነስም በአነስተኛ ቁጥር ሕሙማን ላይ ተሞክሯል።

ከሁሉ የጎላው የጃክ ቤተሰብ ነው። አራት አባላት ያሉት ይህ የኢንዛይም ቤተሰብ በሕዋሱ ገጽ ላይ የደረሰን መልእክት ፎስፌት በመለጠፍ ወደ ውስጥ ያስገባል። በ2019 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት በቆዳ ላይከን ፕላነስ ውስጥ ዋናው መልእክት ኢንተርፌሮን-ጋማ መሆኑን አሳየ። ኢንተርፌሮን-ጋማ በጃክ2 እና ስታት1 በተባለው የመልእክት ፕሮቲን በኩል ኬራቲኖሳይቱን ይለውጠዋል፤ የተለወጠው ሕዋስም በገጹ ላይ ለሲዲ8 ሕዋሳት የሚታየውን መለያ አብዝቶ ያወጣል፣ በቀላሉም ይገደላል። ባሪሲቲኒብ የተባለው የጃክ ማገጃ ሲጨመር ግድያው ቀነሰ። በዚህ አረዳድ ኬራቲኖሳይቱ ዝም ብሎ የሚመታ ዒላማ አይደለም፤ በታዘዘው መሠረት ራሱን ለገዳዩ የሚያመለክት ተሳታፊ ነው።

ጃክን ማገድ ክቡን በአንድ ቦታ ሳይሆን በምንጩ ላይ ይቆርጠዋል ተብሎ ይጠበቃል። ቲ ሕዋስ የሚጠሩ መልእክቶች ይቀንሳሉ፣ ግራንዛይምና ኤምኤምፒ የሚያመጡትም ያንሳሉ። ቶፋሲቲኒብ፣ ባሪሲቲኒብና ኡፓዳሲቲኒብ በአፍ ላይከን ፕላነስ፣ የሩክሶሊቲኒብ ቅባት ደግሞ በቆዳው ላይ አበረታች ውጤት ማሳየታቸው ተዘግቧል። ማስረጃው ግን በአብዛኛው የነጠላ ሕሙማን ዘገባና አነስተኛ ጥናት ነው።

የከፍታው ዋጋ

ወደ አዛዡ መውጣት ብርታቱን ያህል ስጋትም ያመጣል። ኢንተርፌሮን-ጋማና ሲዲ8 ሕዋሳት የካንሰር ሕዋስን የሚያሳድዱም ናቸው። የአፍ ላይከን ፕላነስ ደግሞ በዓለም የጤና ድርጅት ምድብ ወደ ካንሰር ሊለወጡ ከሚችሉ የአፍ ሕመሞች አንዱ ነው። የተጠቃለሉ ጥናቶች ወደ ካንሰር የሚለወጠውን ከመቶ አንድ ገደማ ያደርጉታል፤ ስጋቱም በቀይና በቆሰለው ዓይነት፣ በምላስ ላይ በወጣው፣ እንዲሁም በሚያጨሱና አልኮል በሚያዘወትሩ ሰዎች ላይ ከፍ ይላል።

ሁለት ስጋቶች እዚህ ላይ ይፋጠጣሉ። ብግነቱ ካልታገደ አይኖስና ኮክስ-2 ዲኤንኤን የሚያቆስልና የሕዋስ እድገትን የሚያነሣሣ አካባቢ ይፈጥራሉ። በኃይል ከታገደ ደግሞ የተበላሸ ሕዋስን የሚያሳድደው ጠባቂ ይዳከማል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2006 በታክሮሊመስ ቅባት ላይ የካንሰር ማስጠንቀቂያ ያስቀመጠው፣ በ2021 ደግሞ ቶፋሲቲኒብን፣ ባሪሲቲኒብንና ኡፓዳሲቲኒብን በተመለከተ ስለ ልብ ሕመም፣ ስለ ደም መርጋት፣ ስለ ካንሰርና ስለ ሞት ማስጠንቀቂያ ያጠበቀው በዚህ ዓይነት ስጋት ነው።

አስታራቂው መንገድ መድኃኒቱን ከቁስሉ ሳያወጡ ማቆየት ይመስላል። የሚቀባ ማገጃ በመላ ሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጫና ትንሽ ነው፤ ችግሩ ምራቅ በደቂቃዎች ውስጥ አጥቦ የሚወስደው መሆኑ ነው። በእርጥብ ሽፋን ላይ ተጣብቀው የሚቆዩ ቅባቶችና ክሎቤታሶል የያዙ ፓቾች የተሞከሩትም ለዚህ ነው። ከመልእክት ኢንዛይሞች ማገጃዎች ውስጥ በአፍ የሚዋጡት ብርቱና ሰፊ ናቸው፤ በቦታው የሚቆይ ጠባብ ማገጃ ግን ለዚህ ሕመም ይበልጥ ይስማማዋል።

በምርመራ ክፍል ውስጥ ኢንዛይም እስካሁን መለያ አልሆነም። ሕመሙ የሚለየው በዓይን በሚታየው ምልክትና በናሙና ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ1978 ያወጣው መስፈርት በ2003 እና በ2016 ተሻሽሎ ቀርቧል፤ የተሻሻሉትም የካንሰር ቅድመ ለውጥ የታየበትን ናሙና ከላይከን ፕላነስ ይለያሉ። ኤምኤምፒ-9፣ ኮክስ-2 ወይም ግራንዛይም ቢ ለአንድ በሽታ ብቻ የተለዩ አይደሉም፤ በድድ በሽታም፣ በካንሰርም፣ በሚድን ቁስልም ይገኛሉ። የኢንዛይም ልኬት ወደ ሕክምና ክፍል የሚገባው የበሽታውን ስም ለመንገር ሳይሆን፣ ነጩ መረብ ወደ ቁስል እያዘመመ መሆኑን ወይም መድኃኒቱ መያዙን ለማሳየት ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ሐኪሙ የሚይዘው የቆየውን ሥርዓት ነው፦ ቁስሉን ማስታገስ፣ ጥርስና ድድን ንጹሕ ማድረግ፣ ሊቀሰቅስ የሚችለውን መድኃኒትና የጥርስ መሙያ መመርመር፣ ቁስሉ ጸጥ ብሎ እንኳ ቢታይ ሕመምተኛውን በየጊዜው ጠርቶ ማየት፣ መልኩ የተለወጠውንም ቦታ ዳግም በናሙና ማረጋገጥ።